ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ

ሰኞ፣ ሰኔ 16። ከሥራ መልስ።
ዛሬም ከኤርፖርት ፓርኪንግ ተርሚናል መንገደኛ ሳመላልስ ዋልኩ። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሻንጣ እንዳይረሳ፣ ደህና ግቡ። ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ይኸው ነው። ሰፈሬ ክላርክስተን ገብቼ በሩን ስዘጋ ቤቱ ጭጭ። ስለዚህ አንቺን ላድርቅሽ ደብተሬ፣ ቻይው።

እማዬ አገር ቤት፣ ደሴ፣ ሳሎኗ ውስጥ የልጆቿን ፎቶ ደርድራለች። የእኔ ብቻ የለም። ባለፈው ራሴን በራሴ አንስቼ ላኩላት። ማን አነሳህ አለች። እኔው። ቀጥላ፣ የሚያነሳህ ሰው እንኳ የለህም ወይ? መልኬ አልጨነቃትም፤ አጠገቤ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ፋጡማ ቅዳሜ ወደ ደሴ ይሄዳሉ። ጠፍጣፋ ነገር ከሆነ ይወስዱልኛል። ፎቶም አለኝ! የዓረፋ ዕለት ከሶላት በኋላ የተነሳነው፣ የመስጊዳችን የስልክ ግሩፕ ላይ የተለቀቀው። ሠላሳ ሰው፣ እኔ ጥግ ላይ። ከጎኔ ጀማል አለ፣ ኖርክሮስ የሚኖረው። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ግን ትከሻዬ ላይ እጅ አለ። የእሱ መሆን አለበት። መቼ እንዳሳረፈው አላስታውስም። ደጋግሜ አየሁት፤ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17።
እኔንና ጀማልን ለይቼ ቆረጥኩ። የአዲሱ ፕሪንተሬ ካርቶን 4800 ይላል፤ ምን ሊሳነው። ፎቶው ፋይል ላይ ደግሞ ለኢንች 72 ነጥብ የሚል አለ። አጥፍቼ 300 ጻፍኩበት። ጥርት ይላል ስል የቴምብር ያህል ሆኖ ወጣ። ሳቅኩ፣ ብቻዬን። ለእማዬ ፍሬም እንዲሆን ስምንት በአሥር ኢንች ሳደርገው ደግሞ ጀማል አፍንጫ የለውም።

ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የካርቶኑ ቁጥር ማሽኑ የሚረጨው የቀለም ጠብታ ነው። የፎቶው ጥራት በራሱ ነጥቦች ነው፤ ቁጥር ስለጻፍኩበት ነጥብ አይወልድም። የእኔ ቁራጭ ወርዱ 480 ነጥብ። ለስምንት ሲካፈል፣ ለኢንች 60። 300 ቢሆን እሰየው፣ 200ም ባልከፋ። ግሩፑ ሲያስተላልፈው ጨምቆታል። ዋናው ያለው በተነሳበት ስልክ ላይ ነው። የጀማል ስልክ፤ ለአንድ ሰው ሰጥቶ ነበር ያስነሳን።
መደወል ሊኖርብኝ ነው። ኤጭ!

ሐሙስ፣ ሰኔ 19። ምሳ ሰዓት።
ትናንት ፈራሁ፣ ዛሬ ደወልኩ። «የትኛው መሐመድ?» አለኝ። ሹፌሩ፣ የክላርክስተኑ፣ በዓረፋ አጠገብህ የቆምኩት። ቆይቶ ገባው። ደግ ሰው ነው። «አሁኑኑ ሴንድ አደርግልሃለሁ» አለ፣ አደረገም።

ያው ሐሙስ፣ 11 ሰዓት።
የዋናው ቁራጭ ወርዱ 2400። ለስምንት፣ ልክ 300። አተምኩት። የጀማል የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል።
እጅ አይደለም። መስገጃዬ ነው። አጥፌ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ኖሯል። ጣት የመሰለኝ ዘርፉ ነው። ጀማል ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል። መሃላችን ሌላ ሰው ያስቆማል።
ከፋኝ። ጨርቅ አቅፎኝ ነው እንዲያ ደስ ያለኝ? አልቅሼም ነበር፣ ትንሽ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20። ከጁምዓ በኋላ።
ትናንት ያተምኩትን ከማክሰኞው ጎን ለጥፌ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ሄድኩ። የማክሰኞው ከሩቅ አይከፋም። ጀማልም አፍንጫ አወጣ። እጁም እጅ ነው። የእማዬ ዓይን ደግሞ ሞራ አለበት፤ የምታየውም ከወዲያ ጥግ፣ ከተቀመጠችበት ሆና ነው።

ወሰንኩ። ባለ 60ውን ሰጠሁ። ወ/ሮ ፋጡማ አገላብጠው አዩት። ደብዝዟል ልጄ፣ ከዚህ የተሻለ የለህም? አሉኝ። የለኝም አልኩ።

እማዬ የማን እጅ ነው ማለቷ አይቀርም። የጓደኛዬ የጀማል ነው እላታለሁ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ግን እሁድ ምሳ ልጋብዘው ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ። ፎቶው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ፣ እሁድ ሥራ ከሌለህ... ብቻ ደወልኩ። እየጠራ ነው። አነሳ