ጨጓራዬ ደህና ነው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እህቴስ ትምህርቷን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት ለምዶብኝ ነው እንጂ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ክሊኒክ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎልኛል። አትደንግጪ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ከቤት ከተመለስኩ ወዲህ የበላሁት አልረጋልኝ ብሎ ነበር። ራሴን ያመኛል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። የክሊኒኩ ወረፋ ደግሞ የጉድ ነው፤ ግማሹ ተማሪ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያጠናል። ሐኪሙን «ዶክተር ጨጓራ» ነው የምንለው። እግሩ የተሰበረም ቢሄድ የጨጓራ ሽሮፕ ይዞ ይወጣል እያልን እንስቃለን። እኔም ሽሮፑን ደጋግሜ ጠጣሁ። በመጨረሻ ግን ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ አየና እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «የኔ ልጅ፣ ጨጓራህ ደህና ነው። ቤት ሰው ሞቶብሃል እንዴ?» አለኝ።

«አባቴ» አልኩት። ስንት ሰዓት ነው ተብዬ የመለስኩ ያህል ነው የወጣኝ። ወደ አእምሮ ሐኪም ጻፈልኝ። አላበድኩም፣ እማዬ።

ሆስፒታል ያገኘኋት ሐኪም ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። የአባዬን ሞት መቼ እንደሰማሁ ጠየቀችኝ። ፈተናዬን እስክጨርስ ብላችሁ እንደደበቃችሁኝ፣ ቤት ስገባ እንዳረዳችሁኝ ነገርኳት። ያን ቀን እንባ ጠብ አላለኝም። አክስቴ «ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ልጅ ነው!» ስትል ሰምቻታለሁ። አንቺም ቀና ብለሽ አየሽኝ።

ሐኪሟ ግን፣ «እኔ የጠየቅኩህ መቼ እንደነገሩህ አይደለም» አለችኝ።

እማዬ፣ በመጀመሪያው ፈተና ዋዜማ ለአባዬ ደውዬ ነበር። እንደ ወትሮው «አይዞህ ጎበዝ» እንዲለኝ ፈልጌ። ስልኩን አጎቴ አነሳው። «ተኝቷል፤ በርታ ብሎሃል» አለኝ። ከኋላው ብዙ ድምፅ ነበር። ከዚያ ሁሉ መሃል ያንቺን ለቅሶ ለየሁት። «እሺ፣ እበረታለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ፈተናውን ሁሉንም አልፌአለሁ።

አሁን መድኃኒት ጀምሬአለሁ፤ ትንሽ ያስተኛኛል። ሐኪሟ ለቀጠሮው ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘህ ና ብላኛለች። አጎቴን አትላኪው፤ አንቺ ነይ። ስትመጪ ለኔ ብለሽ ፊትሽን አታጠንክሪ። ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ፤ አጠገብሽ ልቀመጥ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

የበኩር ልጅሽ