ማተቤ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፤ ኢስትሊ

ትናንት ከተማው ውስጥ ቦምብ ከፈነዳ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ሰፈራችንን ኢስትሊን "የአሸባሪ ዋሻ" እያለ ነው የዋለው። ዛሬ ጠዋት ከሆዳን ጋር በማታቱ ሚኒባስ ወደ መሃል ከተማ ስንሄድ ተሳፋሪው ሁሉ አጉረመረመብን። ሆዳን ሶማሌ ጎረቤቴ ናት። እናት በሌለኝ አገር ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት።

ረዳቱ ሁለታችንም በሻሽ መሸፋፈናችንን አየና "ሶማሌዎች ውረዱ!" ብሎ ጮኸ። እጄ ቀደመኝ። ማተቤን ከአንገቴ ስቤ አወጣሁና "እኔ ክርስቲያን ነኝ" አልኩት። "እሷም አብራኝ ናት" ማለት ግን አቃተኝ። ሆዳን ቦርሳዋን ይዛ ብቻዋን ወረደች። እኔ ተቀምጬ ሄድኩ። ተቀምጬ!

ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳች። በእግሯ ነው የተመለሰችው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ስድቧን ስጠብቅ፣ እኔው ባስተማርኳት አማርኛ "ደህና ገባሽ ወይ? ሰግቼልሽ ነበር" አለችኝ።

"ገባሁ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

እናቴ ወዳጁን የከዳ ሰው ስታይ "ማተቡን የበጠሰ" ትል ነበር። ሆዳን ከወጣች በኋላ አንገቴን ዳሰስኩት። ክሩ እንዳለ ነው።