የዕድሩ ጡሩምባ በተነፋ ዕለት

አስካልዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። ከካዛንቺስ አንቺ ወዳለሽበት የሚሄድ ፖስታ ባይኖርም እጽፍልሻለሁ።

እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ዳገት እምቢ ከማለቱ በቀር። ልጃችን ሜሮን አግብታ ወሎ ሰፈር ገብታለች። ባሏ ጨዋ ነው፣ ትንሽ ቁጥብ ነው እንጂ። ከቀበሌው ጀርባ የቆፈርነው ምሽግ ተደፍኖ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እኔ ግን ዛሬም ዞሬ ነው የማልፈው።

የምጽፍልሽ ስለ ሻምበሉ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ አውሮፕላን መጥቶ ይደበድበናል ተብሎ፣ የሰፈሩን በጎ ፈቃደኞች ያሠለጠነን ያ ጡረተኛ። አምስት ነበርን። ቁስል ማሰር፣ ቃሬዛ መሸከም ተማርን። አንቺ እኔ አጭሩ ከረጃጅሞቹ ጋር ስንጠለጠል አይተሽ፣ "የኔ ጀግና፣ ቁስለኛው ወርዶ አንተን ይሸከምህ እንዴ?" ብለሽ ሰፈሩን አሳቅሽብኝ።

የአደጋ ደወል አልነበረንም። ሻምበሉ የዕድሩ ጡሩምባ ይነፋ አለ። በእኛ ሰፈር ያ ጡሩምባ ሰው ሞቷል ማለት እንጂ ሌላ ነገር ማለት እንዳልሆነ ከመካከላችን ያሰበ የለም። በልምምዱ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲነፋ፣ ይደበቃል ያልነው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። አንቺም የታመሙት ጎረቤታችን እትዬ አበበች ያረፉ መስሎሽ እየሮጥሽ መጣሽ። ምሽጉ ላይ ቆርቆሮ ጥለንበት ነበር። ስትረግጪው አልቻለሽም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቅሽ። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተሽ አረፍሽ።

የማታውቂው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሻምበሉ ለቅሶሽ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ "የበጎ ፈቃደኛ ሚስት ሆና ልምምድ መሆኑን አጥታው ነው? ትእዛዝ ንቃ ነው እንጂ" አለ። ሰዉም አመነው። እኔ አቀረቀርኩ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ጠላሁት። ወገቡ ሲጎብጥ ደስ አለኝ። ስኳር በሽታ እግሩን ሲያሳጣው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ስለት የደረሰልኝ ያህል ነበር። የንስሐ አባቴ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያሉ ቢመክሩኝም አልሰማኋቸውም።

ዘንድሮ ሊቆርብ ፈልጎ ሽማግሌ ላከብኝ። ይቅር የምለው በዕድሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ በሰው ፊት፣ እውነቱን ከተናገረ ብቻ ነው አልኩ። ሲዋረድ ማየት ነበር የፈለግኩት። አልደብቅሽም።

ባለፈው እሑድ በክራንች ቆመ። "አስካለ አታውቅም ነበር" አለ። "ልምምዱ እውነተኛ እንዲመስል፣ ፈቃደኞቹ ለቤተሰብ እንዳይናገሩ በመስቀል ያስማልኳቸው እኔ ነኝ። ባሏም መሐላውን ጠበቀ።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አዎ፣ አስካልዬ፣ አውቅ ነበር። ያን ቀን ምሳ አቅርበሽልኝ ለምን እንደምቸኩል ስትጠይቂኝ፣ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ዋሸሁሽ። መስቀሉን ፈርቼ መሐላዬን ጠበቅሁ፣ አንቺን ግን አልጠበቅሁሽም። ድንኳኑ ውስጥም ዝም ያልኩት ስምሽን ላድን ብዬ ብናገር የእኔም ጥፋት ይወጣብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን የጠላሁበት ጥፋት ግማሹ የራሴ ኖሯል።

ተነስቼ፣ "እውነት ነው፣ አልነገርኳትም" አልኩ። ሻምበሉ እያለቀሰ እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም። ለሽማግሌዎቹ የገባሁትን ቃል አፈረስኩ፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እስክሞት አስብሻለሁ። ስምሽን በቅዳሴ አስጠራለሁ፤ ትእዛዝ ንቃ ሞተች የሚል ሰው ባገኝ አልምረውም። አባታችን ሆይን ግን መጨረስ አቅቶኛል። "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ላይ ስደርስ መጀመሪያ የእሱ ፊት ይመጣብኛል፣ ቀጥሎ የእኔ። እዚያው ላይ ቆሜ አንቺን አስባለሁ።

ባልሽ