የእትዬ ብርቄ ጣሪያ

ጽጌዬ፣ ከእነሄራን ጋር ሐዋሳ መንፈስ ፍለጋ መጥቻለሁ። ታቦር በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ እናት አሮጌ ቤት ጣሪያ ላይ የሟች ባላቸው ኮቴ ይሰማል ተባለ። እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ቢሆን ጠበል ረጭተን እንገላገል ነበር። ሄራን ግን አስፈቀደችና መሰላል አስመጣች። እኔ መሰላሉን ይዤላት ወጥታ ብታይ፣ አባ ኮዳ የሚሉት ያ ትልቁ የሐይቅ ወፍ ቆርቆሮው ላይ ይንጎራደዳል።

ስንነግራቸው እትዬ ብርቄ ከፋቸው። «ታዲያ እሱ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም?»

ሄራን ደንገጥ ብላ፣ «እትዬ፣ እኛ ያጣራነው የዛሬውን ብቻ ነው» አለቻቸው።

«ልክ ነሽ» አሉ ፈገግ ብለው፤ «የእሱ እርምጃ ከዚህ ይከብዳል።»

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ሳሚልኝ፣ ናፍቃችሁኛል።

ህሊና