የጾም ማርሽማሎ

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ወረታ ደርሻለሁ። አዲስ አበቤዋ ምራቴ ዓርብ ዕለት ማርሽማሎ የሚባል ጥጥ የመሰለ ስኳር በኩበት ፍም ጠበሰችልን። በብስኩት መሐል ከቸኮሌት ጋር ይበላል። «ቸኮሌቱ ወተት አለበት፤ ለእርስዎ የጾም አድርጌዋለሁ» ብላ የእኔን ማርሽማሎ በሩዝ ዳቦና በሰሊጥ ሠራችው። አዋቂ ናት። የልጅ ልጄ ዙፋን በእጇ አጎረሰችኝ። ይኼኔ ልጄ ማሸጊያውን አንብቦ «እማዬ፣ ይኼ እኮ ከከብት ቆዳ ነው የሚሠራው» አለኝ። ዙፋን ልታለቅስ ስትል የጎረስኩትን ዋጥኩት። በከብቱ የታወቀው ፎገራ ድረስ መጥቼ የቀመስኩት ከብት ይኸው ነው። በስተርጅና ፊደል የቆጠርነው እንዳንታለል ነበር፤ ማሸጊያው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ሳሚልኝ። ለነፍስ አባቴ እንዳትነግሪ፤ ይኼ የምጽፍልሽ ካርድ ፖስታ የለውምና ከአንቺ በፊት ያነበበው ሰው ይነግራቸዋል።

ባየች