ጋሽ በስምንት እና የጠበበው መስመር

ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም ጋሽ በስምንት እያለ የሚጠራቸው ውድ አባታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በክንድና በስንዝር እንጂ በሜትር መለካት አይሆንላቸውም ነበርና፣ ደንበኛ በር በሜትር ሲያዝ "ኧረ ያንን ልጅ ጥሩልኝ፣ ይተርጉምልኝ!" ይሉ ነበር። አባታችን የአንዱን መለኪያ ወደ ሌላው መመለስ የተማሩት በዚያ የእንጨት ፍቅፋቂ መካከል ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ1966 ዓ.ም. በቴሌግራፍ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ያኔ የመልእክት ፍጥነት የሚነገረው "በደቂቃ ይህን ያህል ቃል" እየተባለ ነበር። ቀጥሎ በሰከንድ የሚላከውን ምልክት የሚቆጥር ቦድ የሚባል መለኪያ መጣ፤ ከቦድ በኋላ ቢት፣ ከቢት በኋላ ኪሎቢት። መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር መለኪያውም ይለወጣል፤ አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። የሚሠሩበት ክፍል ከመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፣ የማቀዝቀዣው ጩኸት አያባራም፣ በጋም ሆነ ክረምት ሹራብ አይወልቅም።

በ1974 ዓ.ም. መምህርት ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው የሚያስተምሩት ተራራ ላይ ባለች ሩቅ ከተማ ነበር። በከተማዋ ጫፍ የስልክ ማማ ቆሟል፤ የአባታችን ምኞት እዚያ ማማ ተዛውሮ ከቤተሰባቸው ጋር አንድ ጣራ ሥር መኖር ብቻ ነበር። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ በ1990 ዓ.ም. ዝውውሩ ተፈቀደ። ሻንጣቸው ታሰረ።

በዚያው ሳምንት ከዚያችው ከተማ የመስመር ጥያቄ መጣ። "64 ኪ.ብ." ይላል። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ ኪሎቢትም ኪሎባይትም ሲያጥሩ "ኪ.ብ." ነበሩ። ስልሳ አራት ኪሎቢት ደግሞ እንደ ስማቸው የሚያውቁት የአንድ መስመር ልክ ነውና፣ ሁለቴ ሳያዩ ፈረሙ። ጠያቂዎቹ ግን ባይት ማለታቸው ነበር። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ ከተማዋ ከጠየቀችው ስምንት እጅ የጠበበ መስመር ተዘረጋላት። የትምህርት ቤቱም የክሊኒኩም መልእክት በዚያች ቀጭን መንገድ ተጋፋ።

የመምሪያ ኃላፊው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። "ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ከሳቱ ሌላውማ ምን ሊሆን ነው? ከእንግዲህ ማንኛውም ትእዛዝ በእርስዎ እጅ ሳያልፍ አይወጣም። ተተኪ እስኪገኝ ነው" አሉ። ዝውውሩ ተሰረዘ። ሻንጣው ተፈታ። የከተማዋ መስመር በዓመቱ ሰፋ፤ የእሳቸው ግን አልሰፋም።

ይተኩኛል ብለው ያስተማሯቸው ሁሉ ጎበዝ ሆኑ፤ ጎበዝ በመሆናቸውም ተሾመው ወደ ፎቅ ወጡ። አባታችን ለገባ ሰው ሁሉ፣ ከሰላምታ በፊት "ቢት ነው ባይት? በስምንት!" ስለሚሉ ስማቸው በዚያው ቀረ። "የከፈልኩበትን ፍጥነት በላችሁት!" ብሎ ለሚመጣ ደንበኛም፣ "እኛ በጣሳ እንቀዳለን፣ አንተ በባልዲ ትጠብቃለህ። ባልዲህ ስምንት ጣሳ ይይዛል እንጂ ማንም አልጠጣብህም" ይሉታል። ሰውየው ስቆ ይወጣል። እሳቸው ግን መውጫ አላገኙም።

ባለቤታቸው አርብ አርብ ሲደውሉ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ፍቅርህም በስምንት ተካፍሎ ነው እንዴ የሚደርሰኝ?" ይሏቸዋል።

"ሲነሳ ሙሉ ነው፤ መስመሩ ነው የጠበበው" ይመልሳሉ። ሁለቱም ይስቃሉ። ልጆቹ በዚህ መካከል አደጉ፣ ተዳሩ።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብተው ተራራዋ ከተማ ገቡ። ባለቤታቸው ትልቅ መስኮት አስከፍተው ጠበቋቸው። እሳቸው ግን "ብርሃኑ በዛብኝ" እያሉ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጡ ነበር። ባለቤታቸው አልተከራከሩም፤ ቤት ሲጠርጉ ወንበሩን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ይመልሱታል። አባታችን ከመስኮቱ ማዶ ማማውን ያዩት በሁለተኛው ዓመት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ አንደበታቸው ተያዘ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ ከብዙ ትግል በኋላ የሚወጣቸው ግን አንዲት ቃል ናት። ጠያቂ "አይ ጋሽ በስምንት፣ እንዲህ ይሁኑ!" ብሎ ሲያለቅስ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ "ተው አታልቅስ፤ ሲነሳ ሙሉ ነው፤ መስመሩ ነው የጠበበው" ይሉት ነበር። አባታችንም በዓይናቸው ይስቁ ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ፣ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ቃል ከአፍ ሳይወጣ ሙሉውን የሚሰማ አምላክ፣ የአባታችንን ነፍስ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ያውጣልን። ለባለቤታቸውም ሳይካፈል የሚደርስ መጽናናትን ይላክላቸው። አሜን።