በወፍጮው ጣሪያ ላይ ያሉት ሴቶች

እኔ ቬሊቦር ስታኖይሎቪች፣ በሰርቢያ አገር በዝሬኒያኒን ከተማ በበገይ ወንዝ ዳር የምኖር፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ያልደከመ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ዛሬ ረቡዕ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር ፱ ቀን ፳፻፳፬ ከምሳ በፊት፣ ፀሐይ አልጋዬ ላይ ሳለች፣ ይህን ኑዛዜ በቃሌ ተናግሬ አስጽፌአለሁ። የምትጽፈው ጠበቃ ወይዘሮ ቬሰሊንካ ናት። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ራዶይካና ጡረተኛው ፋርማሲስት ጓደኛዬ ጌዛ ባራባሽ ናቸው። ልጄ ኦግኔን ወራሽ ስለሆነ ምስክር መሆን አይችልም፤ ነገር ግን በሩ አጠገብ ቆሞ ይስማ ብያለሁ።

የተነገረው ሁሉ እንደተነገረ እንዲጻፍ አዝዣለሁ። ጠበቃዋ፣ «የመሃል ወጉም ጭምር፣ አቶ ቬሊቦር?» ብላ ጠየቀችኝ። «እሱም ጭምር። ኋላ ልጄ፣ አባቴ ቃዥቶ ነው እንዳይል» አልኋት።

አንደኛ። የምኖርበት ቤት ከነጓሮው ለልጄ ለኦግኔን ይሁን። ወደ ራዶይካ አጥር የተሻገረው የወይን ሐረግ ግን፣ ሥሩ በእኔ ግቢ ቢሆንም፣ ፍሬው የእርሷ ነው። ሐረጉ ከእኔ እርሷን መርጦ ሄዷል፤ እኔም አልተቀየምሁትም።

«ቅጠሉን ስጠርግ የኖርኩትስ?» አለች ራዶይካ።

«ቅጠሉም ያንቺ ነው።»

ሁለተኛ። በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ከነበረው የጨዋታ አዳራሼ የተረፈኝ የጠፈር ውጊያ ማሽን ለጌዛ ይሁን። ዕድሜዬን ሙሉ የቪዲዮ ጨዋታ ስወድ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ስለ ጨዋታ ያለኝን አስተያየት ከንብረቴ ጋር አወርሳለሁ። የእኔ ዘመን ሰዎች፣ «ጌም ድሮ ቀረ» ይላሉ። ውሸት ነው። አብዛኛው የድሮ ጌም ግም ነበር። እጀታው እንደ እምቢተኛ በሬ ይጎተታል፤ ጠላት ባላየኸው በኩል ይመጣል፤ የተሠራውም አንዱ ቶሎ ሞቶ ሌላው ተራ እንዲይዝ ነው። ጥቂቶቹ ግን ሦስት ነፍስ ሰጥተው፣ ከዚህ በላይ የለህም ይሉ ነበር። በመጨረሻው ነፍሱ የሚጫወት ሰው እንዴት እንደሚቆም በአዳራሼ ውስጥ ስመለከት ኖሬአለሁ። ትከሻው ይሰበሰባል፤ አፉ ይከፈታል፤ ቢጠሩት አይሰማም። እንዲህ ያለ ትጋት በቤተ ክርስቲያንም አላየሁ።

«ስክሪኑ የተቃጠለውን ማሽን ነው የምትሰጠኝ?» አለ ጌዛ።

«ዓይንህስ ደህና ነው እንዴ?»

ከጌዛ የተዋስሁት የመኪና ውድድር ዲስክ ይመለስለት። «ተዋስሁ ይላል እንዴ! ልጅህ ጢም ሳያወጣ ነው የወሰድከው!» አለ። እውነቱን ነው። ያ ጨዋታ ከሁሉ የምወደው ነው፤ ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሰው ባንድ ሶፋ ላይ ይጫወተዋል። ዛሬ ልጆች ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር ይወዳደራሉ፤ ሊያልፋቸው ሲል ግን በክርን ሊጎሽሙት አይችሉም። ክርን የሌለበት ውድድር ለእኔ ውድድር አይደለም።

ሦስተኛ። ልጄ በቤልግሬድ የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ያመጣልኝ አዲሱ ማሽን ለራሱ ይመለስ። በውስጡ ካሉት ጨዋታዎች አንድ መንገደኛ በበረዶ ተራሮች መካከል የሚጓዝበትን ወደድሁት። ነፋሱ ይሰማል፤ ሣሩ ሲረገጥ ይተኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ ምንም ሳላደርግ፣ ከገደል ጫፍ ላይ ቆሜ ብርሃኑ ሲቀየር አየሁ። የድሮ ጨዋታ መቆምን አይፈቅድም፤ የቆመ ይሞታል። በዚህ አዲሶቹ ይበልጣሉ። ነገር ግን ወዴት እንደምሄድ ቀስት ይጠቁመኛል፤ የምከፍተው በር አስቀድሞ ያበራል፤ ብሞትም ከሞትሁበት ጥቂት ወደ ኋላ ያስነሣኛል። ልጄን፣ «በሠራችሁት ዓለም ውስጥ መጥፋት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«አባዬ፣ ቀስቱ እኮ ይጠፋል። ሴቲንግ ውስጥ አለ» አለኝ።

አጠፋሁት። ደግ ሆነ። እስከ ዛሬ ስላልነገርሁት አሁን ይስማ።

አራተኛ። ዋናው ይህ ነው።

እኅቴ ኔቬንካ በስኳር ፋብሪካው ውስጥ በኮምፒውተር ክፍል ትሠራ ነበር። የኦግኔን እናት ስትሞት ልጁን ያሳደገችው እርሷ ናት። ኦግኔን ገና ከጠረጴዛ በታች የሚሮጥ ልጅ ሳለ፣ ራሷ በገጣጠመችው የቤት ኮምፒውተር ላይ አንድ ጨዋታ ጻፈች። ስሙ «ጎርፍ» ነው። ከተማው በውኃ ተውጧል፤ ሰዎች በየጣሪያው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ተጫዋቹ በጀልባ እየዞረ ያወጣቸዋል። በዳር በኩል አንድ ወፍጮ ቤት አለ። በጣሪያው ላይ ማንም የለም።

ያን ጊዜ ጨዋታ በሬዲዮ ይሰራጭ ነበር። አስተዋዋቂው «ካሴታችሁን አዘጋጁ» ይልና ጩኸት ይለቅቃል፤ ጩኸቱን ቀድቶ ለኮምፒውተሩ ያሰማ ሰው ጨዋታው ይከፈትለታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የኔቬንካ ጨዋታ ተራ ደረሰ። የራሷ ቅጂ እያላት ለደስታው ብለን እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ከሬዲዮው ቀዳነው። ራዶይካ በርበሬ እየጠበሰችልን ነበር።

«በጩኸቱ መሃል ሰው ሲናገር ሰማሁ ስላችሁ ሳቃችሁብኝ» አለች ራዶይካ አሁን።

«ምን ነበር የሚለው?» አለች ጠበቃዋ።

«ቃሉን አልለየሁትም። ሴት ናት። ከሩቅ እንደምትጣራ ሴት።»

ጻፊው አልኋት፤ ጻፈች።

በዚያው ቀን ካሴቱን ስንከፍት በወፍጮው ጣሪያ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ሻሽ አስራለች። እጇን ታወዛውዛለች። ኔቬንካ ሳቀችና፣ «ይቺን እኔ አልጻፍኳትም» አለች። የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አገላበጠች፤ ሴትዮዋ የለችም። ከራሷ ቅጂ ላይም የለችም፤ ከሬዲዮ የቀዱት ጓደኞቿም ዘንድ የለችም። በእኛ ካሴት ላይ ብቻ አለች። ልናወጣት ጀልባውን ብንነዳ፣ ወፍጮው አጠገብ ስንደርስ ውኃው እየገፋ ይመልሰናል። ኔቬንካ የውኃ ግፊትም አልጻፈችም።

ለብዙ ሳምንት ተራ በተራ ሞከርን። አንድ ቀን ኔቬንካ እጀታውን አስቀመጠችና፣ «ቬልያ፣ እኛ እኮ ኑ የምትለን መስሎን ነው። እስቲ እጇን እይ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እየጠራችን አይደለም። ተመለሱ ነው የምትለው።»

እኔ አልተቀበልኋትም። ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው፣ ውኃ እየከበበው፣ ተመለሱ አይልም ብዬ ተከራከርሁ። ከዚያ ወዲያ ኔቬንካ «ጎርፍ»ን አልነካችም፤ ሌላ ጨዋታም አልጻፈችም።

ኔቬንካ በልብ ሕመም ሞተች። አርባዋን ባወጣን ማግሥት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ጠዋት ኮምፒውተሩን አስነሣሁ። በወፍጮው ጣሪያ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ባለ ሻሿ እንደ ወትሮዋ እጇን ታወዛውዛለች። ሁለተኛይቱ ፀጉሯ አጭር ነው፤ አንድ እጇን ከወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከጥቂት ነጠብጣብ የተሠራች ትንሽ ምስል ናት። ግን ወንድም እኅቱን በአቋቋሟ ያውቃል።

ከዚያ ጀምሮ ሌላውን ጨዋታ ሁሉ የተጫወትሁት እጄ እንዳይደነዝዝ ነው። የማስበው ወፍጮውን ነበር።

ባለፈው የፀደይ ወራት ኦግኔን ካሴቱን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ አየው። ጣሪያው ባዶ ነው። «የቴፕ ብልሽት ነው አባዬ። አንተ ደግሞ ማየት የምትፈልገውን ነው የምታየው» አለኝ። ከእሑድ ምሳ በኋላ ከአሮጌው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጥሁት። አየ። እጀታውን ያዘ። እጁ የባለሙያ እጅ ነውና፣ እኔ ደርሼበት የማላውቅ ቦታ ድረስ ቀረበ። ያን ጊዜ፣ ለዓመታት እጇን ከወገቧ ያላነሣችው ኔቬንካ በሁለት እጇ ማወዛወዝ ጀመረች። ልጄ እጀታውን ለቀቀ።

«እቴቴ ናት» አለ።

«እየጠራችን ነው» አልሁት።

«አይደለም። እይ እንጂ አባዬ! ሂዱ ነው የምትለው።»

እኅቴ ያለችውን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር። በዚያ ቀን ተጣላን፤ ቡናውን ሳይጠጣ ወደ ቤልግሬድ ሄደ።

አሁን የትናንቱን እናገራለሁ። ትናንት ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ ከአልጋዬ ተነሥቼ እንደምንም አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥሁ። ጀልባውን ወደ ወፍጮው ነዳሁ። ውኃው አልገፋኝም። ጀልባዬ ግድግዳውን ነካ። ሁለቱ ሴቶች ማወዛወዛቸውን ተዉ። እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ፈቀቅ አሉና በመካከላቸው አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ለቀቁ።

ወይዘሮ ቬሰሊንካን ያስጠራሁት ስለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ጌዛ፣ «ቬልያ፣ መድኃኒቱ ነው። እኔ ስንቱን በሽተኛ ያቃዠ መድኃኒት ሸጫለሁ» አለ።

«ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። ወዲያኛው ክፍል ነው። ሂድና እይ።»

ሄደ። ወዲያው ተመለሰ። ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ምን አየህ?» አለችው ራዶይካ።

«ቶሎ እንፈርም» አለ ጠበቃዋን።

እንግዲህ ፈቃዴ ይህ ነበር፦ ካሴቱ እንዳይከፈት፣ ልጄም ከሞትሁ በኋላ ላይከፍተው በምስክሮች ፊት እንዲምል።

«አልምልም» አለ ኦግኔን ከበሩ።

«ኦግኔን፣ አባትህ እኮ ነው የሚናዘዘው» አለችው ራዶይካ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ ራዶይካ። እዛ ላይ ቆሞ እያወቅኩ ሶኬቱን ነቅዬ ልሂድ? እቴቴ ስትሞት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አልደረስኩላትም። እሱንም እንደዛ? አልምልም። ሞቼ ነው የምምለው!»

ራዶይካ አማተበች። ልጄ ወደ ግድግዳው ዞሮ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። እኔም ከእኅቴ ጋር የተከራከርሁት ክርክር ምን ዓይነት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የምወደው ሰው ከወፍጮው ጣሪያ ላይ ቆሞ ባየው እኔም ማንንም አልሰማም ነበር፤ አልሰማሁምም።

መሐላውን ሰርዢው አልኋት ጠበቃዋን፤ ሰረዘችው። በምትኩ ይህ ይጻፍ።

ካሴቱና ኮምፒውተሩ ያለ መሐላ ለልጄ ለኦግኔን ይሁኑ። ልጄ ሆይ፣ ብትከፍተው ማን እንደሚቆም አላውቅም። እኔ ከሆንሁ እጄን አወዛውዝልሃለሁ። ና ማለቴ አይደለም። አክስትህ ልክ ነበረች። ጀልባህን አዙር። እኔና እርሷ ያቺን ሴት ስናሳድድ በሌሎቹ ጣሪያዎች ላይ ያሉትን ረስተናቸዋል። ከዳቦ ቤቱ ላይ ሁለት ልጆች አሉ። ከትምህርት ቤቱ ላይ ውሻ የታቀፈ ሽማግሌ አለ። እነርሱን ኔቬንካ ጽፋቸዋለች፤ ይወጡም ዘንድ ነው የጻፈቻቸው። ውኃው ሳይደርስባቸው አውጣቸው።

«ከዚያስ?» አለ ኦግኔን።

«ከዚያ አጥፋና ራትህን ብላ።»

ይህ ኑዛዜ ቃል በቃል ተነብቦልኝ፣ የእኔ ቃል መሆኑን አረጋግጬ፣ በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ። ቬሊቦር ስታኖይሎቪች።

ጽፌ አንብቤአለሁ። ቬሰሊንካ፣ ጠበቃ።

ተናዛዡ በሙሉ ልቡ ሲናገር ሰምቻለሁ። ራዶይካ፣ ጎረቤት።

የሰማሁትንም ያየሁትንም እመሰክራለሁ። ጌዛ ባራባሽ፣ ፋርማሲስት።

ምስክር ባይሆንም ልፈርም ብሎ ስለ ለመነ ተፈቅዶለታል፦ «እሺ አባዬ። ኦግኔን።»